የጅማ ጓሮ በማን ካላንደር ይዘራ?

የአትክልት ዋጋ በናረ ቁጥር ሰው ወደ ጓሮው ዞር ማለቱ አይቀርም። ጅማም ከዚህ አላመለጠችም። ድሮ ቡና፣ ጫት፣ ጥቂት ጎደሬና አንድ የአቮካዶ ዛፍ ብቻ የነበረው ግቢ አሁን የቲማቲም መደብ ጨምሯል። ቆስጣው በጆንያ፣ ሰላጣው በተቆረጠ ጀሪካን ይተከላል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዋና ትኩረቱ ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ቢሆንም፣ የከተማ ግብርና የሚባለውን ነገር ከቢሮ ወረቀት ወደ ሰው አፍ አውርዶታል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምክሩ ከየት ይገኛል? ብዙው ሰው ዩቲዩብና ቲክቶክ ያያል፣ ቴሌግራም ላይ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይተክላል። ሽንኩርቱ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቲማቲሙ ሐምሌ ላይ ጠቁሮ ይረግፋል። ቀይ ሥሩ ከጣት አይወፍርም። ያኔ ወሬው ይጀምራል። አንዱ ዘሩ ፎርጅድ ነው ይላል። ሌላው የጅማ አፈር ለአትክልት አይሆንም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ውጭ አገር ለጓሮ አትክልተኛ ተብሎ በየወሩ መጽሔት ይታተማል፣ እኛ ለምን የለንም ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ወዲያው ይመጣለታል፤ በዚህ ዘመን ማን ወረቀት ያነባል?

ከሦስቱ ወሬዎች ወደ ችግሩ የሚጠጋው የመጨረሻው ነው። ሆኖም ክርክሩ ወረቀት ላይ ስለተንጠለጠለ፣ መጽሔቱ ለአንባቢው በትክክል ምን እንደሚሠራለት ሳይነሳ ይቀራል።

መጽሔቱ ለአንባቢው ምን ይሠራል?

የአትክልተኛ መጽሔት አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1826 ለአትክልተኞች የተዘጋጀ መጽሔት ይታተም ነበር። በ1841 ደግሞ «ጋርድነርስ ክሮኒክል» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች በአብዛኛው የባለጸጎችን ግቢ የሚንከባከቡ ሠራተኞች ነበሩ። ለራሱ ማዕድ የሚተክለው ተራ ሰው በብዛት የመጣው ኋላ ላይ ነው፤ በተለይ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ምግብ ሲያጥር። አሜሪካ ውስጥ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል በሰፊው ያስተዋወቀው የሮዴል መጽሔትም የተጀመረው በጦርነቱ መካከል፣ በ1942 ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው ፋብሪካ የሠራውን ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ትቶ በፍግ፣ በብስባሽና በሰብል ማፈራረቅ ማምረት ነው።

እነዚህ መጽሔቶች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በሽያጭ ብቻ አይደለም። የዘር ድርጅቶች ማስታወቂያ ያወጡባቸዋል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ሽፋናቸው ላይ ትንሽ የዘር ፓኬት ለጥፈው ይሸጣሉ። አንባቢው ምክሩንና ዘሩን አንድ ላይ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የመጽሔቱ ልብ ግን «በዚህ ወር ምን እንሥራ» የሚለው ገጽ ነው። የካቲት ላይ ይህን በቤት ውስጥ አብቅል፣ ግንቦት ላይ ወደ ውጭ አውጣ ይላል። ይህ ገጽ የሚሠራው ጸሐፊውና አንባቢው በአንድ ሰማይ ሥር ስለሚኖሩ ነው። ውርጩ ሁለቱም ቤት በተቀራራቢ ሳምንት ይገባል፣ በተቀራራቢ ሳምንት ይወጣል። ያንን ገጽ ቆርጦ ጅማ ላይ መለጠፍ ነው ጉዱን የሚያመጣው።

ሽንኩርቱ ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ?

የሽንኩርቱ ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት የሚገባው ነው። ሽንኩርት ሥሩ ላይ መቋጠር የሚጀምረው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አይደለም። የቀኑን ብርሃን ርዝመት ይጠብቃል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያዎች «የረጅም ቀን» ይባላሉ፤ ለመቋጠር በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። ለንደን ሰኔ ላይ ከ16 ሰዓት በላይ ፀሐይ ስለምታገኝ ይህ ችግር አይሆንም። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ከአጭሩ ጋር ያለው ልዩነትም አንድ ሰዓት አይደርስም። ስለዚህ የረጅም ቀን ሽንኩርት ጅማ ላይ ቢዘራ የሚጠብቀው ቀን መቼም አይመጣም። ዘሩ ደህና ነው፣ ውኃው ደህና ነው፣ ቅጠሉም ያምራል። ሽንኩርት ግን የለም።

እዚህ አገር የሚዘሩት ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ «የአጭር ቀን» ዝርያዎች ናቸው። ልዩነቱ ፓኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ቪዲዮው ላይ ግን አይነገርም። ተናጋሪው አገር ሁሉም የሚዘራው ያንኑ ስለሆነ መናገር አያስፈልገውም።

አፕልም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ዛፉ እንዲያብብ በቂ የብርድ ሰዓት ማግኘት አለበት፤ ማለትም ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች የሚሆንባቸው ሰዓታት ተደምረው ብዙ መቶ መሙላት አለባቸው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጨንቻ ለዚህ ትመቻለች። ጅማ 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ሆና ልምሰላት ብትል አይሆንላትም። በምትኩ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ካዝሚርና ጊሽጣ አሏት። የጓሮ አቮካዶ ላይ ምክር የሚጠይቅ ሰው ማወቅ ያለበት ዋናው ነገርም አጭር ነው። ከፍሬ የበቀለው ዛፍ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይወስዳል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም የጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ላይ የተሰካበት፣ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል።

የአሜሪካ መጽሔቶችና ድረ ገጾች «ዞን» የሚሉትም ነገር አለ። አገሩን በክረምት በሚደርስበት ዝቅተኛ ሙቀት ከፍለው፣ እያንዳንዱ ተክል ስንተኛው ዞን ድረስ ከብርድ እንደሚተርፍ ይናገራሉ። ጅማ ላይ ተክል የሚገድለው ብርድ አይደለም። እዚህ ገዳዩ የዝናብ ብዛት፣ አሲዳማ አፈርና ከዝናቡ ጋር የሚመጣ በሽታ ነው። የዞኑ ቁጥር ስለ ሦስቱም ምንም አይልም።

አፈሩ አትክልት አይወድም?

ይህ ወሬ ግማሽ እውነት አለው። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ውኃም በደንብ ይይዛል። ችግሩ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርደው ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙንና መሰል ንጥረ ነገሮችን አጥቦ መውሰዱ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። የአፈር አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል። ከ5.5 በታች ሲሆን አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ይጎዳል። ፎስፈረስም ይታሰራል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ በቅጡ አያገኘውም። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው የዚህ ችግር ተጋሪ እንደሆነ ይነገራል።

ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሽንኩርት አሲድ አይችሉም። ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ድንች ይታገሳሉ። ስለዚህ አፈሩ አትክልትን በጅምላ አይጠላም፤ ይመርጣል። ገበሬ በሄክታር ኩንታል በኩንታል ኖራ ይበትናል። ለጓሮ መደብ ግን ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ በልኩ ተበትኖ ከብስባሽ ጋር ሲደባለቅ ለውጥ ያመጣል። በልኩ የሚለው ይሰመርበት፤ አመድ ሲበዛ ሌላ ችግር ነው።

እዚህ ላይ የባዕድ ምክር እንዴት እንደሚገለበጥ ማየት ይቻላል። የእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ብዙ ቦታ አፈሩ ኖራማ ነው። እዚያ ያለ አትክልተኛ አሲድ የሚወዱ ተክሎችን ለማሳደግ አፈሩን አሲዳማ የሚያደርግበትን መላ ይፈልጋል። የጅማ አትክልተኛ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ያንን ጠቃሚ ምክር በቀጥታ የተረጎመ ቪዲዮ ለጅማ ሰው ጉዳት ነው የሚያስተምረው።

የቡና ገለፈትም መነሳት አለበት። በመፈልፈያዎች አጠገብ ተከምሮ ስለሚገኝ ጅማ ላይ ከእሱ የቀለለ ነገር የለም። እንዳለ መደብ ላይ ከተጨመረ ግን ለመበስበስ ሲል ከአፈሩ ናይትሮጂን ይሻማል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ተደርቦ፣ እየተገላበጠ ለወራት ከበሰበሰ በኋላ ግን ሁነኛ ብስባሽ ይወጣዋል። ይህን ዓይነቱን ነገር የሚጽፍ የለንደን መጽሔት አይኖርም። ለንደን ውስጥ የገለፈት ክምር የለማ።

የአማርኛ ምክርም ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው

በአማርኛ የሚገኘው መረጃስ ይሻላል? በቋንቋ ይሻላል፣ በቦታ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የአገራችን የአትክልት ምርምር በአብዛኛው የተከማቸው አዳማ አቅራቢያ ባለው መልካሳ ምርምር ማዕከል ነው። መልካሳ ዝናቡ ከጅማ ግማሽ ገደማ ነው። ከዚያ የሚወጣው ምክር በተለይ የሚያግዘው በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ የሚያመርተውን ነው። ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው ደግሞ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም እንደሚወጣ አስቦ ይናገራል። ጅማ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ሐምሌ ላይ ጠቁሮ የረገፈው ቲማቲም ታሪኩ እዚህ ውስጥ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በስልክ የግብርና ምክር የሚሰጠው የ8028 አገልግሎት ቋንቋን በተመለከተ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሰማል። ግን የተዘጋጀው ለገበሬ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ጥራጥሬ ቀዳሚ ይዘቶቹ ነበሩ። የግብርና ባለሙያዎች ሥምሪትም ከመነሻው ገጠር ላይ ያተኮረ ነው። ግቢው ውስጥ አራት ሜትር መደብ ያለው የከተማ ሰው መሐል ላይ ወድቋል።

የሚያስቆጨው ዕውቀቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ መሆኑ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ መነሻዎች አንዱ የሆነው የግብርና ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል፣ ዋናው ሥራው ቡና ቢሆንም፣ የአካባቢውን አፈርና ዝናብ ለአሥርተ ዓመታት ሲለካ ኖሯል። ቁጥሩ ጥናት ውስጥ አለ፤ ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ለምሁር ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ የሚያሻግረው ሰው ነው የጠፋው። መጽሔት የሚባለው ነገር ሲጨመቅ ይኸው ሥራ ነው።

የጅማ ወራት

እንዲህ ያለ ገጽ ቢጻፍ በግምት ምን ይል ነበር?

መጋቢትና ሚያዝያ የዱባ፣ የቦሎቄ፣ የእሸት በቆሎና የስኳር ድንች መትከያ ነው። ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ የፍራፍሬ ችግኝ ይተከላል፤ ሥሩ እስኪይዝ ረጅም ዝናብ ይጠብቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ የጎመን ነው። በነዚህ ወራት ቲማቲምና ድንች መትከል ከምች ጋር ግጥሚያ መግጠም ነው። ምች ገበሬው ቲማቲምንና ድንችን ለሚያጠቃ አንድ በሽታ የሰጠው ስም ነው፤ በእርጥብና ቀዝቀዝ ባለ አየር የሚራባ ነው፣ በቀናት ውስጥም መደቡን ያጠቁራል። ጣራ ያለው ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ቦታ ከሌለ ቢዘለል ይሻላል።

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን የሚያምርባቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ሰማዩ ጠራ ይላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ምች ይቀንሳል። እርግጥ ይህም ነጻ አይደለም። ውኃ ማጠጣት ግድ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘችው ቱታ አብሶሉታ የምትባል ትንሽ የእሳት ራት ደግሞ ደረቁን ወቅት ትወዳለች። ትሏ የቲማቲሙን ቅጠል ከውስጥ እየቦረቦረች ታደርቀዋለች፣ ፍሬውንም ትበሳለች።

የበጋ ውኃ ሲነሳ አዌቱ ይነሳል። ወንዙ ከተማዋን አቋርጦ ሲያልፍ የቤቱንም የገበያውንም ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በዚህ ውኃ ሰላጣ አጠጥቶ ጥሬውን መብላት ቀልድ አይደለም። በስሎ የሚበላ ጎመን ላይ የበሽታው ስጋት ይቀንሳል፤ ውኃው ከባድ ብረቶች ካሉበት ግን መቀቀል አይረዳም። የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮ ላይ በበርሜል ማጠራቀም ለጥቂት መደብ የተሻለ አማራጭ ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ። ለተክል በሽታ የሚረጩት ማንኮዜብና መሰሎቹ በየሱቁ ይገኛሉ፣ አንዳንዴም ከፓኬታቸው ወጥተው በላስቲክ ይሸጣሉ። ላስቲኩ ላይ ግን ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት አይጻፍም። የራሱን ቲማቲም ንጹሕ ነው ብሎ የሚበላ ሰው ጠዋት ረጭቶ ማታ ሊለቅም ይችላል።

ወረቀት፣ ስልክ፣ ሬዲዮ

ወረቀት አይሆንም የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነገር ሁሉ ተሰቅሏል። የመጽሔት ወረቀትና ቀለም ከዚያ ውስጥ ናቸው። በመደበኛነት የሚወጣ ኅትመት በ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ መሠረት ምዝገባ ይጠይቃል። ማስታወቂያ የሚያወጣ የጓሮ ዘር ድርጅትም የለም ማለት ይቻላል። የውጭዎቹ መጽሔቶች የቆሙበት ምሰሶ እዚህ አልተተከለም።

የወረቀት ወዳጆችም የሚሉት አላቸው። ቪዲዮ ይታይና ያልፋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ግን ለሠራተኛዋም፣ ለአያትም፣ ለልጅም እኩል ይታያል። ዳታም አይበላም። በዚያ ላይ መጽሔት አዘጋጅ አለው። የተሳሳተ ነገር ከጻፈ የሚጠየቅ ሰው ይገኛል። ቲክቶክ ላይ ሽንኩርትህ ባይቋጠር ማንን ትጠይቃለህ?

ሁለቱም ወገን የሚረሳው ጅማ የአንድ ቋንቋ ከተማ አለመሆኗን ነው። አማርኛ ብቻ ብሎ የሚወጣ ኅትመት በቁቤ የሚያነበውን ብዙ ሰው ይተዋል። ከከተማዋ ዳር ደህና ጓሮ ያለው ደግሞ በአብዛኛው እሱ ነው። አፋን ኦሮሞ ብቻ ቢሆንም ሌላው ይቀራል። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ ሬዲዮ ያስፈልጋቸዋል፤ ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስላለው ከዜሮ መጀመር አይኖርም።

ከጎረቤት የሚቀሰም ልምድ አለ። ኬንያ ውስጥ «ዘ ኦርጋኒክ ፋርመር» የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲወጣ ቆይቷል። ለገበሬ ቡድኖች በነጻ ይታደል ነበር፤ ወጪውን የሸፈነው አንድ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነው። ለግለሰብ ሳይሆን ለቡድን ማደሉ ብልህነት ነበር፤ አንድ ቅጂ ብዙ እጅ ያዳርሳል። ድክመቱም ግልጽ ነው። የለጋሽ ገንዘብ ሲነጥፍ መጽሔቱም አብሮ ይደክማል።

ጅማ ላይ ሙሉ መጽሔት ከመመኘት ይልቅ፣ ልቡን ብቻ መውሰድ የሚያዋጣ ይመስላል። አንድ የግድግዳ ካላንደር፣ በኢትዮጵያ ወራት፣ በሁለት ቋንቋ፤ ለእያንዳንዱ ወር ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደማይሞከር፣ ምን በሽታ እንደሚጠበቅ የሚናገር። ሰው ለበዓላትና ለአጽዋማት ብሎ ካላንደር መስቀል ለምዷል። ከዚያ ሬዲዮው በየሳምንቱ ያብራራዋል፣ ቴሌግራሙ ጥያቄ ይቀበላል። የአንድ ገጽ ዋጋ ከሰማንያ ገጽ መጽሔት ጋር አይወዳደርም፤ ማስታወቂያውንም የአካባቢው ችግኝ ጣቢያዎች ሊሞክሩት ይችላሉ።

ዘሩን ማን ይመጥናል?

አንድ ቋጠሮ ግን ሳይፈታ ይቀራል። የአትክልት ዘር እዚህ በአብዛኛው የሚሸጠው በሄክታር ለሚያስብ ገበሬ ተመጥኖ በታሸገ ቆርቆሮ ነው። ለአራት ሜትር መደብ የሚበቃው ጥቂት ግራም ነው። ስለዚህ ሱቁ ቆርቆሮውን ከፍቶ በማንኪያ እየለካ በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጣል። ያኔ ስሙ ይጠፋል፣ የታሸገበት ቀን ይጠፋል፣ የመብቀል መጠኑ ይጠፋል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ቶሎ ነው የሚያረጀው፤ በዓመት፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ የመብቀል አቅሙ በጣም ይወርዳል። ተከፍቶ በጅማ እርጥበት ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ይባስ። ፎርጅድ የተባለው ዘር ብዙ ጊዜ ያረጀ እውነተኛ ዘር ሳይሆን አይቀርም።

የገዛውን ዘር መፈተሽ ለማንም አይከብድም። 10 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ 7 እና 8 ከበቀለ ዘሩ ይዘራል። 3 ከሆነ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

የውጭው መጽሔት ሽፋኑ ላይ የሚለጥፈው ትንሽ ፓኬት መልስ የሰጠው ለዚህ ችግር ነበር። የዝርያ ስምና ቀን የተጻፈባቸው ትናንሽ ፓኬቶች በማኅበርም ሆነ በግል ታሽገው ከካላንደሩ ጋር ካልቀረቡ፣ ምክሩ ትክክል ሆኖ መደቡ ባዶ ሊቀር ይችላል። ጊዜውም ይቆጠራል። የበጋው ሽንኩርት በጥቅምት እንዲዛወር ችግኙ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መግቢያ ላይ፣ ከዝናብ በተከለለ መደብ መፍላት አለበት። ስለዚህ አዲሱ ካላንደር ለዕንቁጣጣሽ ይደርሳል ተብሎ ከታሰበ ዘግይቷል፤ ሐምሌ ውስጥ ከማተሚያ ቤት መውጣት ይኖርበታል።